የቆየ የቤተሰብ መቃብር እንዴት ይነበባል፣ እንዴትስ ይመዘገባል?

ከዓመታት በፊት ቤተሰባችን ለሙት ዓመት ከመሰብሰቡ አስቀድሞ የቅድመ አያቴን የመቃብር ሐውልት አጸዳለሁ ብዬ የሽቦ ብሩሽና በረኪና ይዤ ወደ አጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ድንጋዩ ነጣ፤ ዘመዶቼም መረቁኝ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የዕረፍታቸውን ቀን ለመገልበጥ ስመለስ ግን የዓመተ ምሕረቱ የመጨረሻ አኃዝ፣ የድንጋይ ሽበት ከሚባለው ግራጫ ልባስ ጋር አብሮ ተፍቆ ጠፍቶ አገኘሁት። ያን አኃዝ አስቀድሞ በወረቀት የያዘ፣ ወይም ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው ከመካከላችን አንድም አልነበረም። ይህን መመሪያ የምጽፈው በአራት ኪሎ፣ በአራዳና በአካባቢው ባሉ አድባራት ቅጽር ውስጥ አያት ቅድመ አያቶቻቸውን ያሳረፉ ቤተሰቦች የእኔን ስሕተት እንዳይደግሙ ነው። ቅደም ተከተሉ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ይነበባል፣ ቀጥሎ ይመዘገባል፣ ድንጋዩን መንካት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጨርሶ አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ መቃብርን በማንበብና በመጠበቅ ረገድ ብዙ ያስተማረኝ፣ ለአንዳንድ አንባቢ ሊደንቀው ቢችልም፣ የእንግሊዝ ገጠር ነው። በዚያ አገር በገጠር አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር «ጆርጂያን» የሚባሉ የተዋቡ የቤተሰብ መቃብሮች አሉ። ስያሜው ጆርጂያ ከተባለችው አገር ጋር አይገናኝም፤ ጆርጅ፣ በእኛ አጠራር ጊዮርጊስ፣ የተባሉ አራት ነገሥታት እ.ኤ.አ. ከ1714 እስከ 1830 በተከታታይ የነገሡበትን ዘመን የሚያመለክት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ1706 እስከ 1822 ዓ.ም. ይሆናል፤ ጎንደር ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን አልፋ ወደ ዘመነ መሳፍንት የገባችው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። ኮትስዎልድ በተባለው ኮረብታማ አገር በሱፍ ጨርቅ ሥራና ንግድ የበለጸጉ ቤተሰቦች፣ ለመቅረጽ የሚመች የኖራ ድንጋይ በደጃቸው ስለነበረ፣ ሀብታቸውን በመቃብራቸው ላይ አሳዩ። ፔንስዊክ በተባለችው ከተማ የሚገኘው ቅጽር በዚህ የታወቀ ነው። መቃብሮቹ ትልቅ የድንጋይ ሣጥን ይመስላሉ፤ ጎኖቻቸው በአበባ ጉንጉን፣ በክንፋም ሕፃናት ራስ፣ በአሸዋ ሰዓትና በራስ ቅል የተቀረጹ ናቸው። ከፍ ብለው እንደ ዐምድ የቆሙትን የአገሩ ሰዎች «የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ» ይሏቸዋል። በርፎርድ በተባለችው ከተማ ደግሞ ክዳናቸው ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል የሚመስል ሣጥኖች አሉ፤ ይህም የሱፍ ጥቅል ምሳሌ እንደ ሆነ ይነገራል።

የእነዚህን ሣጥኖች አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ ውስጣቸው ባዶ ነው። አስከሬኑ ያለው ከሣጥኑ በታች፣ በመሬት ውስጥ ወይም በጡብ በተሠራ ጓዳ ውስጥ ነው፤ ሣጥኑ የጽሑፍና የጌጥ መሸከሚያ ብቻ ነው። በእኛም ዘንድ የሚታየው ነገር ሁልጊዜ አስከሬኑ ያለበትን ቦታ አያመለክትም። በአዲስ አበባ አድባራት በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ሐውልት የቆመለት አለ፤ በግንብ ውስጥ እንደ መደርደሪያ በተሠራ ፉካ ያረፈ አለ፤ መኳንንቱና ባለጸጎቹ ያሠሩት፣ በር፣ መስኮትና ጣሪያ ያለው መቃብር ቤትም አለ። በአንድ መቃብር ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ሁለት ስም ብቻ ተጽፎ ከሥሩ ስድስት ሰው ያረፈ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በማስታወሻችሁ ላይ «በድንጋዩ ላይ የተጻፉ ስሞች» እና «እዚህ ማረፋቸው የተነገረ» የሚሉትን ሁለት ነገሮች ለየብቻ ያዙ።

ከመሄዳችሁ በፊት

የራሳችሁ ቤተሰብ መቃብር እንኳ ቢሆን የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም የሰበካ ጉባኤውን ጽሕፈት ቤት ሳታስፈቅዱ ሥራ አትጀምሩ። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሐውልቱ የአሠሪው ቤተሰብ ወራሾች ንብረት ቢሆንም፣ እሱን ለመጠገን ከሀገረ ስብከቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከጆርጂያን መቃብሮች ብዙዎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው እንደ ቅርስ ሕንፃ የተመዘገቡ ናቸው። በእኛም አገር በቅርስነት የተመዘገበ ሥራን መጠገን የሚቻለው በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ሲፈቅድ ነው። ማንበብና ፎቶግራፍ ማንሣት ከዚህ የቀለለ ነው፤ ያም ቢሆን ቅዳሴ በሚቀደስበት ሰዓት፣ ቀብር በሚፈጸምበት ጊዜና በዓመታዊ ንግሥ ቀን አይሆንም። ነጠላ ለብሳችሁ፣ በሩን ተሳልማችሁ፣ ዘበኛውን «አባባ፣ እንደምን አደሩ» ብላችሁ የመጣችሁበትን ጉዳይ ብትነግሩ፣ ከጽሕፈት ቤቱ መዝገብ የማይገኘውን ብዙ ጊዜ ከእሳቸው ታገኛላችሁ። የትኛው ሐውልት እንደ ተዛወረ፣ የትኛው አጥር እንደ ፈረሰ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የምትይዙት ነገር ጥቂት ነው። ደብተር፣ እርሳስ (እስክሪብቶ በዝናብ ይደበዝዛል)፣ ሜትር፣ ስልክ፣ የእጅ ባትሪ፣ በክፈፍ ያለ መካከለኛ መስታወት፣ የጉልበት መንበርከኪያ የሚሆን ጆንያ። ብሩሽ ቤት ይቅር።

ዙሪያውን መዞር

መቃብሩ ዘንድ እንደ ደረሳችሁ ወደ ጽሑፉ አትሩጡ። ሦስት ጊዜ ዙሩት። በመጀመሪያው ዙር ቅርጹን ብቻ ተመልከቱ፤ በሁለተኛው ከምን እንደ ተሠራ፣ በሦስተኛው ምን እንደ ተጎዳ። ከዚያ ከምሥራቅ ጎን ጀምራችሁ በቀኝ እየዞራችሁ ለእያንዳንዱ ገጽ ቁጥር ስጡ፤ ክዳኑም የራሱ ቁጥር ይኑረው። በደብተራችሁ ላይ ከላይ ቢታይ የሚመስለውን ንድፍ ሣሉና ቁጥሮቹን አስፍሩበት። ፎቶግራፉን ስታነሡ በእያንዳንዱ ገጽ ሜትሩን ዘርግታችሁ ከሥሩ አኑሩ፤ ያለዚያ ከዓመታት በኋላ ፎቶውን የሚያይ ሰው ሐውልቱ የክንድ ያህል ይሁን የሰው ቁመት ያህል ሊያውቅ አይችልም። አንድ ፎቶ ደግሞ ራቅ ብላችሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ጋር አንሡት። ቦታ በተጣበበበት ቅጽር መቃብር ይዛወራል፤ ቀድሞ የት እንደ ነበረ የሚመሰክረው ይኸው ከሩቅ የተነሣው ፎቶ ነው።

ጌጡን ችላ አትበሉት። በእንግሊዙ ሣጥን ላይ የአሸዋ ሰዓት የዕድሜን ማለቅ፣ ጭራዋን የነከሰች እባብ ዘለዓለምን፣ ወደ ታች የተዘቀዘቀ ችቦ የጠፋች ሕይወትን ያመለክታሉ። የእኛ ሐውልቶች ቋንቋ ሌላ ነው፤ የመስቀሉ ዓይነት፣ የማዕርግ ምልክት፣ ጋሻና ጦር፣ በሸክላ ላይ የታተመ እንቁላል ቅርጽ ያለው የሟች ምስል ይታያል። ምስሉ ካለ ልብሱን፣ ኒሻኑንና የአንገት ማተቡን ጭምር በቃላት ጻፉት፤ ከጽሑፉ በፊት እሱ ሊጠፋ ይችላል።

ፀሐይን መጠበቅ

የተፈገፈገ ጽሑፍ የሚነበበው በጥላ ነው። ብርሃኑ ከጎን ተጋድሞ ሲመጣ የተቦረቦረው ፊደል ጥላ ይይዛል፤ ከፊት ለፊት ሲመጣ ግን ድንጋዩ ሁሉ አንድ ይሆናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከራስ በላይ ናት፤ በዚያ ሰዓት በጀርባው የተጋደመ የመቃብር ድንጋይ አይነበብም። ለተጋደመው ድንጋይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ቆሞ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ላዞረ ድንጋይ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ለእሱ የሚመቸው እኩለ ቀን ሊደርስ ሲል ወይም ጥቂት ሲያልፍ፣ ፀሐይዋ ከላይ ገጹን እየታከከች ስትወርድ ነው።

ወደ ሰሜን የተመለከተ ጽሑፍ በእንግሊዝ አገር መከራ ነው፤ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ በስተ ደቡብ ስለምትውል በቀትር ብርሃን አያገኝም፤ ስለዚህ መስታወት ይዘው ብርሃኑን ከሌላ ቦታ ያንጸባርቁለታል። እኛ እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን። ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይዋ በእኩለ ቀን ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ክረምቱ ደመና ስለሚሆን ለሰሜን ገጽ የተመረጠው ወር ግንቦት ነው። ለመጠበቅ ጊዜ የሌለው ሰው ድንጋዩን በጥላ ጋርዶ የእጅ ባትሪውን ከጎን፣ ገጹን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጎ ያብራ፤ አንዱን መስመር ከግራም ከቀኝም ከላይም እያበራ ሦስት ፎቶ ያንሣ። በአንዱ የጠፋው በሌላው ይገኛል።

ፊደሉ እንዲጎላ ብሎ ጠመኔ፣ ዱቄት፣ ጀሶ ወይም የጢም መላጫ አረፋ መቀባት በየቦታው የሚደረግ ነገር ነው፤ እኔ በጥብቅ እቃወመዋለሁ። ዱቄቱ በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ይቀራል፣ ሻጋታም ይመገበዋል። ወረቀት አልብሶ በእርሳስ ማሸትም ለሚቀረፈው ድንጋይ አደገኛ ነው።

መገልበጥ

ጽሑፉን መስመር በመስመር፣ በድንጋዩ ላይ እንዳለው ቅዱት። ሁለት መስመር በአንድ አትጻፉ፤ መስመሩ የት እንደ ተቆረጠ ራሱ ማስረጃ ነው። ከሁሉ በላይ አጻጻፉን አታርሙ። በአንዱ ድንጋይ «ዐረፉ»፣ በሌላው «አረፉ»፣ በሦስተኛው «ዓረፉ» ተብሎ ታገኛላችሁ፤ ሀና ሐ፣ ሠና ሰ፣ ጸና ፀ ተቀያይረው ይታያሉ። ትክክለኛው የትኛው ነው የሚለው ክርክር የቤት ነው። በእንግሊዙ መቃብር ላይም ተመሳሳይ ፈተና አለ፤ በዚያ ዘመን «ኤስ» የተባለውን ፊደል በቃል መካከል ረዥም አድርገው ስለሚጽፉት «ኤፍ»ን ይመስላል፤ ያላወቀ ሰው ስሙን አበላሽቶ ይገለብጠዋል። የማይታየውን ፊደል በነጥብ፣ የተጠራጠራችሁትን ደግሞ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አስገቡት፤ ገምታችሁ ያላችሁትን እንዳነበባችሁት አድርጋችሁ አትጻፉ። በቃላት መካከል ያሉትን ሁለት ነጥቦች ልብ በሉ፤ አንደኛው ሲፋቅ ሌላው የፊደል ቅጥያ መስሎ ያሳስታል።

ዘመኑን መፍታት

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር እሄድበታለሁ።

በቆዩት ድንጋዮቻችን ላይ ዘመኑ በግእዝ አኃዝ ይጻፋል። ፲፱፻፳፰ ማለት አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስምንት ነው፤ ፻ ከፊቱ ያለውን በመቶ ያበዛዋል፣ የቀረው ይደመራል። አኃዞቹ ከላይና ከታች ሰረዝ አላቸው፤ ሰረዙ ሲፋቅ ፊደል ሊመስሉ ይችላሉ። በጣም የሚያሳስቱት ፮ እና ፯ ናቸው። የእኔ የቅድመ አያት ድንጋይ የተጎዳው እዚሁ ላይ ነበር፤ ፲፱፻፲ ድረስ ይነበባል፤ የመጨረሻው ስድስት ይሁን ሰባት አይለይም።

ያወጣኝ የወንጌላዊው ስም ነው። አያቶቻችን ዘመኑን ሲጽፉ ብዙ ጊዜ «ዘመነ ማቴዎስ»፣ «ዘመነ ማርቆስ»፣ «ዘመነ ሉቃስ» ወይም «ዘመነ ዮሐንስ» ብለው ይጨምራሉ። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍሉት፤ ቀሪው አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከሆነ ማርቆስ፣ ሦስት ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ከዓመተ ምሕረቱ በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን ራሱ ለአራት ስለሚካፈል ሒሳቡ አይዛባም። በድንጋዩ ግርጌ «ዘመነ ዮሐንስ» የሚል ነበረ፤ 1916 ለአራት ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ 1917 ግን አንድ ይተርፈዋል። ስለዚህ የጠፋው አኃዝ ፮ ነው። ቀኑም ከጠፋ በዓሉን ፈልጉ፤ «በዕለተ ሥላሴ» ካለ 7፣ «ሚካኤል» ካለ 12፣ «ኪዳነ ምሕረት» ካለ 16፣ «ገብርኤል» ካለ 19፣ «ማርያም» ካለ 21፣ «ጊዮርጊስ» ካለ 23፣ «መድኃኔ ዓለም» ካለ 27 ነው።

በውጭ አቆጣጠር የተጻፈ ድንጋይ ሲያጋጥማችሁ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት መሆኑን አትርሱ። በአራት ኪሎ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሁለቱንም በአንድ ቅጽር መለማመድ ይቻላል። የኢትዮጵያ ወዳጅ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 1960 ዐርፈው በዚያ ተቀብረዋል፤ ሰባት ስንቀንስ 1953 ዓ.ም.፣ ቀኑም መስከረም 17፣ የመስቀል በዓል ዕለት ሆኖ ይገኛል። እቴጌ መነን ደግሞ እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 1962 ዐረፉ፤ እዚህ ላይ የሚቀነሰው ስምንት ነው፣ የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም.። በአንድ ልማድ ሁሉንም ስምንት የሚቀንስ ሰው የመስከረሙን ሟች አንድ ዓመት ያስቀድመዋል።

እንግሊዞችም የራሳቸው የዘመን ጣጣ አለባቸው። እ.ኤ.አ. እስከ 1752 ድረስ የሚቆጥሩት በቀድሞው የዩልዮስ አቆጣጠር ነበር፤ በዚያ ዓመት መስከረም 2 ባሉ ማግስት መስከረም 14 ብለው ዘለሉ። ከዚያ በፊት ሕጋዊው ዓመታቸው የሚጀምረው በጥር ሳይሆን መጋቢት 25፣ በብሥራት በዓል ነበር፤ ይህ ቀን በዚያ አቆጣጠር ከእኛ መጋቢት 29፣ ከበዓለ ትስብእት ጋር አንድ ነው። በዚህ ምክንያት በየካቲት የሞተ ሰው መቃብር ላይ 1738/9 የሚመስል ድርብ ዓመት ተቀርጾ ይገኛል። ስሕተት አይደለም፤ በሕጉ 1738፣ በዛሬው አቆጣጠር 1739 ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ልጨምር። የሞት ቀን፣ የቀብር ቀንና ድንጋዩ የቆመበት ቀን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ቢያርፉም አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ቆይቶ፣ ወደ በዓታ ለማርያም የተዛወረው መካነ መቃብሩ ከተሠራ በኋላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያረፉት ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲሆን በሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። በነገሥታት የሆነው በተራውም ቤተሰብ ይሆናል፤ ልጆች ገንዘብ እስኪያገኙ ሐውልቱ ብዙ ዓመት ይዘገያል፣ በዚያ መካከልም ቀኑ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይዛባል። ፊደሉ አዲስ፣ ዘመኑ አሮጌ የሆነበትን ድንጋይ ሳትጠራጠሩ አትለፉት።

ስምና ማዕርግ

የእንግሊዙ ቤተሰብ መቃብር የቤተሰቡን ስም አንድ ጊዜ ጽፎ ከሥሩ ይዘረዝራል፤ ሚስት ባሏን ተከትላ በእሱ ስም ትጻፋለች፣ ባሏ ቀድሞ ከሞተም «ሪሊክት»፣ ማለትም የእገሌ መበለት፣ ትባላለች፤ የአባቷ ስም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። በእኛ ድንጋይ ተቃራኒው ነው። ወይዘሮዋ የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፣ ይዛም ትቀበራለች፤ ጎን ለጎን ያረፉት ሁለት ሰዎች ባልና ሚስት መሆናቸውን ድንጋዩ ካልተናገረ እንግዳ ሰው ሊያውቅ አይችልም። ልጅና አያትም በስም አይገናኙም። ስለዚህ የእኛን መቃብር ለማንበብ ሰው ያስፈልጋል። ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘር መቁጠር የሚያውቁ ሽማግሌ ወይም አሮጊት በቤተሰባችሁ ካሉ፣ ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱና «እትዬ፣ ይቺ ወይዘሮ ለእኛ ምናችን ናት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የተናገሩትንም በእሳቸው ቃል ጻፉት።

የክርስትናን ስም ለዩ። ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ወለተ፣ አመተ ብሎ የሚጀምረው ስም የክርስትና ስም ሊሆን ይችላል፤ በደብሩ መዝገብ የተጻፈው እሱ ብቻ ሆኖ በዓለም ስም የሚፈልገው ሰው ሳያገኘው ይመለሳል። ለሲልቪያ ፓንክረስት እንኳ በቀብራቸው ጊዜ ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም እንደ ተሰጣቸው ይታወቃል። በድንጋዩ ላይ ያለው ማዕርግ ደግሞ የመጨረሻው ነው። «ደጃዝማች» ተብሎ የተቀበረው ሰው ከሃያ ዓመት በፊት በተጻፈ ደብዳቤ ላይ ባላምባራስ ወይም ቀኛዝማች ሆኖ ይገኛል፤ ሁለት ሰው አድርጎ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው። «አባ» ብሎ የሚጀምር ስም ሁሉም የመነኩሴ አይደለም፤ አባ መላ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የተጠሩበት ቅጽል፣ አባ ነፍሶ ደግሞ ደጃዝማች ባልቻ የተጠሩበት የፈረስ ስም ነው። የተገኘውን ስምና ቀን ለማመሳከር አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን የኀዘን ማስታወቂያ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ በወመዘክር፣ ወይም በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ማየት ይቻላል።

ማጽዳትና መጠገን

እስካሁን ያልነው ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ማጽዳቱ አስፈላጊ መሆኑን ራሳችሁን ጠይቁ። የድንጋይ ሽበት መልክ ያበላሻል እንጂ በአብዛኛው አይጎዳም፤ በእንግሊዝ ቅጽሮች እንዲያውም እንደ ውድ ነገር ይጠበቃል። የግድ ማጽዳት ካለባችሁ ንጹሕ ውኃና ለስላሳ የጭራ ብሩሽ ብቻ ተጠቀሙ፤ ከታች ወደ ላይ እያረጠባችሁ ሥሩ፤ ከላይ ከጀመራችሁ የሚወርደው እድፍ በደረቁ ድንጋይ ላይ መስመር ይሠራል። ሲመቱት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ወይም የሚቀረፍ ድንጋይ በውኃም አይነካም። እብነ በረድና የእንግሊዙ የኖራ ድንጋይ ዘራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱንም አሲድ ያሟሟቸዋል፤ ሎሚና ኮምጣጤም አሲድ ናቸው። በረኪና ድንጋዩን ለጊዜው ያነጣዋል፤ ጨው በቀዳዳው ውስጥ ትቶ ይሄዳል፣ ጨውም ሲደርቅ እያበጠ ገጹን ያፈርሰዋል። በየዓመቱ ፊደሉን በዘይት ቀለም ማደስም የፊደሉን ጠርዝ እየደፈነ ይሄዳል፤ ቀለም ቢኖርበት ግን አትፋቁት፣ ቀለሙ ምን ዓይነት እንደ ሆነ መዝግቡ።

ለጥገና ድንጋይ ጠራቢ ስትቀጥሩ ሲሚንቶ በሚለው ቃል ላይ ቆም በሉ። የጆርጂያን ሣጥኖችን ብዙውን ጊዜ የሚሰነጥቃቸው ጎኖቹን ለማያያዝ የገባው ብረት ነው፤ ብረት ሲዝግ ይወፍራል፣ ሲወፍርም ድንጋዩን ይፈነቅለዋል። በእኛ የኮንክሪት ሐውልቶች ውስጥ ያለው ፌሮም እንዲሁ ያደርጋል፤ ቡናማ እድፍ ያለበት ስንጥቅ የእሱ ምልክት ነው፤ ከላይ በሊሾ መሸፈን ውኃውን ከውስጥ ይዘጋበታል። ለስላሳ ድንጋይን ለማያያዝ የሚሻለው ኖራ ነው፤ የጎንደር ግንቦች የቆሙት በኖራ ነው። በሐውልቱ ላይ ያጋደለ ጥድ ወይም ወይራ ካለ ለአስተዳዳሪው ተናገሩ እንጂ መጥረቢያ አታንሡ። የተፋቀውን ፊደል እንደ ገና ማስቀረጽ ብዙ ቤተሰብ የሚመኘው ነገር ነው፤ እኔ ከድንጋዩ አጠገብ ትንሽ አዲስ ሰሌዳ ማኖርን እመርጣለሁ፤ ቀራጩ የተሳሳተ እንደ ሆነ አሮጌው አብሮ አይጠፋም።

መዝገቡን በሦስት ቅጂ አዘጋጁ፦ አንዱ ለደብሩ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ለቤተሰቡ ታላቅ፣ አንዱ ለእናንተ። በስልክ ብቻ አትተዉት፤ ፎቶዎቹን አሳትሙና በእያንዳንዱ ጀርባ የደብሩን ስም፣ የገጹን ቁጥርና ያነሣችሁበትን ቀን በእርሳስ ጻፉ። የኋላ ሰው እንዲጨምርበት ባዶ ገጽ ተዉለት፤ የእንግሊዝ ቤተሰቦችም ገና ላልሞቱት ብለው ከሣጥኑ አንዱን ጎን ሳይጽፉበት የሚተዉበት ጊዜ ነበረ። በእኛ ቤት መዝገብ የቅድመ አያቴ ዘመን ፲፱፻፲[፮] ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም ቅንፉ ለምን እንደ ገባ፣ የወንጌላዊው ስም እንዴት እንዳገዘና ድንጋዩን በሽቦ ብሩሽ የፋቀው ማን እንደ ሆነ ሰፍሯል።